በመዝናኛ መርከብ የቡፌ ሰልፍ ላይ ምን ዓይነት ሥርዓት ይጠበቃል? ከድሬዳዋ የቀረበ ጥያቄና ውይይት

መምህር ዘከዚራ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የምትኖረው ልጃችን ለእናቷና ለእኔ በመጪው ነሐሴ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ጉዞ አሰናድታልናለች። ቁርሱና ምሳው፣ ከፈለግንም እራቱ፣ በቡፌ እንደሚቀርብ ስለነገረችን ከመሄዳችን በፊት የዚያን ቤት ሥርዓት ማወቅ እንፈልጋለን። ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም። በቡፌ ሰልፍ ላይ ከኋላችን የሚቆመው እንግዳ ስማችንንም አስተዳደጋችንንም አያውቅም፤ የሚያየው ጭልፋውን እንዴት እንደያዝን ብቻ ነው።

በከተማችን የሰርግ አዳራሾች የለመድነው ሥርዓት አለ። ማዕዱ ከተባረከ በኋላ ለሃይማኖት አባቶችና ለሽማግሌዎች ቅድሚያ ይሰጣል፣ ቀጥሎ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ያነሣል፣ ከዚያም ሌላው ታዳሚ በየጠረጴዛው እየተጠራ ይሰለፋል። አንድ ጊዜ ያነሣ ሰው ተመልሶ ሲሰለፍ ሆዳም እንዳይባል ስለሚሠጋ፣ ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ዙር የሚበቃንንም የማይበቃንንም በአንድ ሳህን ላይ እንደራርባለን። ድግሱ ሲያበቃ ከየጠረጴዛው ሥር የሚሰበሰበውን ትርፍራፊ ያየ ሰው ሐዘን ይሰማዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ልማዳችን በመርከቡ ላይ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ነው። ተመልሶ መነሣት ያስነውራል ወይ? ዕድሜ ለገፋ ሰው ቅድሚያ የሚሰጥ አለ ወይ? ጉዞው ጾመ ፍልሰታ ላይ ስለሚውልና ባለቤቴም በመንገድ ነኝ ብላ ጾሟን የምታፈርስ ስላልሆነች፣ የጾሙና የፍስኩ ምግብ ጎን ለጎን በተደረደረበት ቡፌ ላይ እንዴት ታድርግ? በመርከብ የሠራችሁ ወይም የተጓዛችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሳቢያን

ጋሼ መምህር፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ወደ ድሬዳዋ ከመመለሴ በፊት በመዝናኛ መርከብ ላይ በቡፌ አስተናጋጅነት ስለሠራሁ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ያየሁትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ቦታውን በዓይነ ልቦናዎ ይሳሉት። ቡፌው ብዙ ጊዜ ከላይኛዎቹ ፎቆች በአንዱ፣ ከመዋኛ ገንዳው አጠገብ የሚገኝ ሰፊ አዳራሽ ነው። በመግቢያው ላይ የእጅ መታጠቢያ ወይም የሳኒታይዘር ማሽን ይኖራል፤ አጠገቡም እያንዳንዱን መንገደኛ በፈገግታ «እጅዎን» የሚል ሠራተኛ ይቆማል። ያንን ሠራተኛ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ብቻ አይበቃም። እርስዎና ባለቤትዎ መታጠቢያ ካለ በሳሙና ታጥባችሁ፣ ከሌለም ከክፍላችሁ ስትወጡ ታጥባችሁ ብትመጡ፣ ከመልካም ሥነ ምግባር ሁሉ የመጀመሪያውን ፈጸማችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰልፉ እንደ ሰርግ ቤታችን ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ በሌላው ጫፍ የሚያልቅ አንድ ረጅም መስመር አለመሆኑ ነው። በብዙ አዳዲስ መርከቦች ላይ ምግቡ «ደሴት» በሚባሉ ተነጥለው በቆሙ ጠረጴዛዎች ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ሰላጣው ለብቻው፣ ዳቦው ለብቻው፣ ትኩሱ ምግብ ለብቻው፣ ጣፋጩ ለብቻው ነው። ስለዚህ ሩዝ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሰላጣውን ሰልፍ መጨረስ አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ ወደ ሩዙ ሄዶ እዚያ ካሉት ሰዎች ኋላ ይቆማል። ነገር ግን የቀደሙት ሰዎች በአንድ አቅጣጫ እየተጓዙ ከሆነ በተቃራኒው መምጣት ወይም በሁለት ሰዎች መካከል እጅን አሻግሮ ማንሣት እንደ ትልቅ ድፍረት ይቆጠራል። የረሱት ነገር ካለ ሰልፉን ወደ ኋላ አይግፉ፤ ወጥተው ዞረው ይምጡ።

ተመልሶ መነሣትን በተመለከተ ልብዎ ይረፍ። በመርከብ ላይ አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት የሚያነሣ ሰው ጨዋ ነው፤ አንድ ጊዜ ተራራ የሚያህል ሳህን ይዞ የሚሄደው ግን ሰው ያየዋል። ሆኖም ለሁለተኛው ዙር ሲነሡ የበሉበትን ሳህን በጠረጴዛው ላይ ይተዉትና አዲስ ንጹሕ ሳህን ይውሰዱ። በቤታችን ተጨማሪ ሳህን ማቆሸሽ አስተናጋጁን ማስቸገር ስለሚመስል ብዙ የአገራችን ሰው በአሮጌው ሳህን ይመለሳል፤ ልቡ ደግ ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። የበላንበት ሳህን የከንፈራችንን ምራቅና የእጃችንን እድፍ ይዟል። ጭልፋው ሳህኑን ሲነካ ያ ሁሉ ወደ ጋራው ድስት ይመለሳል። ሳህን አጣቢዎቹ ሥራቸው ይኸው ስለሆነ ለእነርሱ አይሳቀቁ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ዳቦንና ፍራፍሬን በመቆንጠጫው እንጂ በእጅ አያንሡ። ያነሡትን አይመልሱ። በሰልፍ ላይ እያሉ አይቅመሱ። የአንዱን ወጥ ማንኪያ በሌላው ውስጥ አይጨምሩ። በምግቡ ላይ የተጋረደው መስታወት የሰው ትንፋሽ እንዳይደርስበት ነውና ከሥሩ ጭንቅላትዎን አስገብተው አያሽትቱ። ስልክ እያወሩ አይሰለፉ። ከመዋኛ ገንዳው በእርጥብ ልብስ ወይም በባዶ እግር መግባትም አይፈቀድም።

ደግሞ መርከቡ ከወደብ የሚደርስበት ጠዋትና የመጀመሪያው ቀን ምሳ በጣም ይጨናነቃል፤ በመጀመሪያው ቀን ክፍሎቹ ስለማይደርሱ መንገደኛው ሁሉ ወደ ቡፌው ይወጣል። በእነዚያ ሰዓቶች በልተው ሲጨርሱ ጠረጴዛውን ቶሎ መልቀቅ፣ ምግብ ሳያነሡም ቦርሳ አስቀምጦ ቦታ አለመያዝ፣ ሳህን ይዞ ቆሞ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ቸርነት ነው።

ደጋሽ ገንደ ቆሬ

መምህር፣ ጥያቄዎ ልቤን ነካው፤ እኔ በድሬዳዋ ድግስ በማዘጋጀት የምተዳደር ሴት ነኝና ስለ ተደራረበው ሳህን ያሉት ሁሉ በየሳምንቱ በዓይኔ የማየው ነው። ነገር ግን ሁሉን ነገር በእንግዳው ላይ ከመጫናችን በፊት አዘጋጁም ድርሻ እንዳለው እንድትቀበሉኝ እፈልጋለሁ።

ሰው ሳህኑን የሚከምረው በሁለት ፍርሃት ነው። አንደኛው እርስዎ ያነሡት ይሉኝታ ሲሆን፣ ሌላው «ተመልሼ ስመጣ አልቆ ይጠብቀኛል» የሚለው ሥጋት ነው። ይህ ሥጋት ደግሞ ከባዶ ሜዳ አልመጣም፤ ጥብሱ በግማሽ ሰልፍ ላይ አልቆ የኋለኞቹ በሰላጣና በሩዝ የተሸኙበትን ድግስ ያላየ የከተማችን ሰው ጥቂት ነው። ዶሮ ወጡን አስተናጋጅ ቆሞ ለእያንዳንዱ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ይህን ሥርዓት እንደ ስስት የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንግዳ እኩል የሚያደርስ ትልቅ ፍትሕ አድርጌ አየዋለሁ።

የሰልፉ መጣበብም ብዙ ጊዜ የእኛ ጥፋት ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስጠግተን በአንድ ወገን ብቻ ሰው ስናስኬድ፣ ሳህንና ሹካን አንድ ላይ በመግቢያው ስንከምር፣ ጥቅል እንጀራውን ከወጡ በፊት አድርገን ወጡ በላዩ ሲፈስበት፣ ሰው መጋፋቱ አይቀርም። ጠረጴዛው ከግድግዳ ወጥቶ በግራም በቀኝም ሲነሣበት፣ ሶፍቱና ሹካው በመጨረሻ ሲቀመጥ፣ ውሃና ለስላሳው ደግሞ ራቅ ብሎ ለብቻው ሲሆን፣ ያው ሰው ያው እንግዳ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ልጄ ሳቢያን ስለ ደሴቶቹ የጻፍከውን ሳነብ የመርከብ ሰዎች ይህን ቀድመው እንደተረዱት ገባኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ጭልፋ ነው። በከተማችን ሰርግ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ በየራሱ ድስት በስሎ፣ በየራሱ ጠረጴዛ ይቀርባል። ጓደኛሞች፣ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች በሁለቱ ጠረጴዛ ተከፍለው ካነሡ በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ይህ የድሬዳዋ ውበት ነው። ታዲያ አንድ የተዘናጋ እንግዳ ከአንዱ ጠረጴዛ ጭልፋ አንሥቶ በሌላው ድስት ቢከት፣ ያ ድስት ሙሉው ለባለቤቶቹ የማይበላ ይሆናል። እኔ በየጠረጴዛው አንድ ሰው የማቆመው ምግብ ለመቆጠብ አይደለም። እንግዳው ሳይጠራጠር እንዲበላ ነው።

የመጋላ ነጋዴ

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ፤ የማልስማማበት ግን አለኝ። ስለ ንጽሕናው የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን መምህር «ለዕድሜ ቅድሚያ አለ ወይ» ብለው ጠይቀው ሳለ እስካሁን የመለሰላቸው የለም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሳህን ይዞ ቆሞ ጎረምሳው ከፊቱ ቀድሞ የሚያነሣበት ቦታ፣ መስታወቱ ቢያብረቀርቅ፣ መቆንጠጫው ብር ቢሆን፣ እንዴት የጨዋ ቤት ሊባል ይችላል? ወላጆቻችን ወደዚያ ሲሄዱ የእኛን ሥርዓት እንዲረሱ ባንመክራቸው ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ ልጅቷ የከፈለችበት ምግብ ነው። የተከፈለበትን ሰው እንደ ወደደ ቢያነሣ ማንን ይጎዳል?

ድሬ በሩቁ

ጋሼ ነጋዴ፣ ለሽማግሌ መቆርቆርዎን አከብራለሁ፤ እኔም ወላጆቼን በመርከብ ወስጃቸው ስለማውቅ ያየሁትን ልንገርዎ።

በመርከብ ላይ በዕድሜ የሚቀድም ሰልፍ የለም፤ የቀደመ ይቀድማል። ነገር ግን ይህ ማለት ዕድሜ አይከበርም ማለት አይደለም፤ መከበሪያው መንገድ ነው የሚለየው። በከዘራ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ሠራተኞቹ ሳህኑን ይዘውለት አብረውት ይዞራሉ፤ የሚፈልገውን ያሳያቸዋል፣ እነርሱ ያነሡለታል፣ እስከ ጠረጴዛው ያደርሱለታል። ለዚህ አንድ ሠራተኛ በጨዋነት መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ልጅም ለአባቱ ማንሣት ይችላል፤ አባቴን ጥሩ ቦታ አስቀምጬ እኔ ሳነሣለት ማንም ክፉ ዓይን አላሳየኝም። የሚያስቆጣው ነገር ሌላ ነው። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ስድስት ዘመዶቹን «ኑ፣ እዚህ ነኝ» ብሎ ሲጠራቸው፣ ከኋላ የነበሩት ሁሉ ስድስት ቦታ ወደ ኋላ ተገፉ ማለት ነው። በሰርጋችን ይህ የፍቅር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ግን ከማንም የማይወደድ ድርጊት ነው። ደግሞም ከፊትዎ ያለው ወጣት ራሱ «ይቅደሙ» ካለዎት አመስግነው ይቅደሙ፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ ጨዋነት ነው።

ስለ ተከፈለበት ምግብ ላነሡት ደግሞ፣ የተከፈለው ለመብላት እንጂ ለመጣል አይመስለኝም። ጋሼ፣ አይከን ኦቭ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጉዞ ሲጀምር በዓለም ትልቁ የመዝናኛ መርከብ ነበር፤ እስከ 7,600 መንገደኞች ይይዛል ተብሏል። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ እያንዳንዱ መንገደኛ ጥቂት ቢያስተርፍ ስንት ሊሆን እንደሚችል ነጋዴ ከሆኑት ከእርስዎ በላይ የሚያሰላው የለም።

ሳቢያን

በዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር። በሰው ሳህን ላይ የቀረ ምግብ ለሠራተኛም ለሌላም አይሰጥም፤ ተለይቶ ይሰበሰባል፣ ይፈጫል። መርከቦች ቆሻሻን ስለሚያስወግዱበት መንገድ የተደነገገው ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የተፈጨ የምግብ ትርፍራፊ ወደ ባሕር የሚጣለው ከባሕር ዳርቻ ቢያንስ 3 የባሕር ማይል፣ ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግላቸው ባሕሮች ደግሞ ቢያንስ 12 የባሕር ማይል ርቆ እንዲሆን ያዛል። እኔ ያንን ሥራ ስሠራ ያልተነካ ሙሉ የዶሮ ብልት፣ አንዴ የተቆረሰ ኬክ፣ ያልተቀመሰ ሩዝ ከሳህን ወደ በርሜል መጥረግ የዕለት ተግባሬ ነበር። በቤቴ እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንሥቶ ወደ ጎን ማስቀመጥን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከድካሙ ሁሉ ይህ ይከብደኝ ነበር። መንገደኛው ይህን በርሜል ስለማያይ አይፈረድበትም፤ ያየ ሰው ግን ሳህኑን አይከምርም።

ጤና ነምበር ዋን

እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ወንድሜ ሳቢያን ስለ ንጹሕ ሳህንና ስለ እጅ መታጠብ የጻፈው ከጨዋነት አልፎ የጤና ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ያህል እጽፋለሁ።

በመርከብ ላይ የሚፈራው ዋና የሆድ ሕመም ኖሮቫይረስ በሚባል ተሕዋስ የሚመጣው ነው። ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ምልክቱ ተሕዋሱ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፣ አብዛኛው ሰውም ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሱ የተሕዋሱ ቅንጣቶች ሊበቁ ይችላሉ። የታመመ ሰው ምልክቱ ከጠፋለት በኋላም ለቀናት ተሕዋሱን ከሰውነቱ ያስወጣል። በዚህ ምክንያት አንድ መቆንጠጫ በአንድ ጠዋት የብዙ መቶ ሰው እጅ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ ያልታጠበ እጅ የሚያደርሰው ጉዳት ሰፊ ነው። አልኮል ያለው ሳኒታይዘር በዚህ ተሕዋስ ላይ ደካማ ስለሆነ የሳሙናና የውሃን ቦታ አይተካም። እጅን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ማሸት ያስፈልጋል። እኔ ለቤተሰቤ የምመክረው ከምግብ በፊት ብቻ ሳይሆን ምግቡ ተነሥቶ፣ የጋራው ጭልፋ ተነክቶ ካበቃ በኋላም፣ በተለይ በእጅ የሚበላ ነገር ካለ፣ እንደገና እንዲታጠቡ ነው። በባህላችን እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ የማስታጠቢያው ውሃ መምጣቱ ምን ያህል ጥበብ እንደነበረው ቡፌ ስመለከት ይገባኛል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ ወደ አገሩ ወደቦች የሚመጡ የመንገደኞች መርከቦችን ንጽሕና የሚመረምር መርሐ ግብር አለው። መርማሪዎቹ ሳይታሰቡ ገብተው ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 86ና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል፣ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ይወድቃል፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጻል። በዚያ ደንብ መሠረት የሆድ ሕመም የያዘው የምግብ ሠራተኛ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ወደ ምግብ አይመለስም። መምህር፣ ከዚህ ለመንገደኛ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። እርስዎን ወይም ባለቤትዎን ሆዳችሁን ካመማችሁ፣ «ለትንሽ ነገር ሰው አናስቸግር» ሳትሉ ወዲያው ለመርከቡ ሕክምና ክፍል አሳውቁ፤ ወደ ቡፌውም አትሂዱ፤ ምግብ ወደ ክፍላችሁ ይመጣላችኋል። ይህን መደበቅ በሰልፍ ላይ ከመጋፋት የከፋ በደል ነው።

እትዬ ደጋሽ፣ ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቆይ፣ የበሰለ ምግብም በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ደግሞ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጊዜው 1 ሰዓት ብቻ ነው ይላል። ከፋሲካ በኋላ በሚደረጉ ሰርጎቻችን የድሬዳዋ ሙቀት ይህን በቀላሉ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ሐረር ላይ በደጋው አየር የሚቆየው ክትፎና አይብ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያንኑ ያህል እንዲቆይ መጠበቅ የለብንም። ሙሽሮቹ እስኪመጡ ተብሎ ምግቡ ቀድሞ ተደርድሮ ሲጠብቅ ሳይ እሳቀቃለሁ።

የጀጎል ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከሐረር ነኝ፤ እትዬ ደጋሽ ስለ ሁለቱ ጠረጴዛ የጻፉትን በጉጉት አነበብኩ፤ በእኛም ዘንድ ይኸው ነውና።

በመርከብ የሚሄዱ ሙስሊም ወገኖቻችን ማወቅ ያለባቸውን ልጨምር። በብዙዎቹ መርከቦች የቁርስ ቡፌ ላይ የአሳማ ሥጋ ከእንቁላሉ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሰዎችም ባለማወቅ በአንዱ መቆንጠጫ ሁለቱን ያነሣሉ። በሾርባና በሥጋ መረቅ ውስጥ ወይን ሊኖር ይችላል፤ የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭም ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት፣ እርሱም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቲኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ የምግብ ፍላጎትን ማስመዝገብ፣ እንደ ገቡም የቡፌውን ኃላፊ ወይም የምግብ አብሳዩን አለቃ ማነጋገር ያስፈልጋል። እኔ አንዴ ከተሰለፍኩ በኋላ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ሳለ አስተናጋጁን ስለ እያንዳንዱ ድስት መመርመር ትክክል አይመስለኝም፤ ጥያቄው ከሰልፉ በፊት፣ ሰው ሳይበዛ ቢጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ክብር ነው። ከጋራው ድስት ሳይነካ ከወጥ ቤት በቀጥታ ይምጣልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ብዙዎቹ በደስታ ያመጣሉ።

ለሌላው መንገደኛ ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጭልፋውን በወጣበት ድስት ይመልሱት። ለእርስዎ ትንሽ መረቅ ነው፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ለቆመው ሰው ግን ያ ድስት ሐላል መሆኑ ወይም አለመሆኑ፣ ጾም መሆኑ ወይም አለመሆኑ በእጅዎ ላይ ነው። ለውዝ የማይስማማው ሰው ቢሆን ደግሞ ሕይወቱ ነው።

መምህር ዘከዚራ

ልጆቼ፣ እትዬ ደጋሽና ወንድሜ ነጋዴ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተነገረውን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ተመልሶ መነሣት የማያስነውር መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት፤ በበሉበት ሳህን አለመመለሱን ግን እኔም እርሷም ከዚህ በፊት እንዲህ አስበነው አናውቅም። እናንተ ከነገራችሁን በኋላ ሳስበው፣ በአንድ ትሪ አብሮ መብላትን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት የሚያስቸግረን ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በትሪው ዙሪያ የምንቀመጠው የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፣ እያንዳንዱም ከፊቱ ይቆርሳል፤ በቡፌው ግን ከማናውቃቸው ሺህ ሰዎች ጋር ነው የምንቋደሰው።

የቀረችኝ የጾሙ ነገር ናት። ልጄ ሳቢያን፣ «ቬጀቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብታነሣ ይበቃታል ወይስ ሌላ የሚጠየቅ አለ?

ሳቢያን

ጋሼ፣ እንዳይሳሳቱ። ያ ጽሑፍ ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። በብዙ መርከቦች የሕንድ የአትክልት ምግብ ስለሚቀርብ የአገራችን ጾመኛ ወጡን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ወይም በእርጎ የተሠራ ነው። ባለቤትዎ የምትፈልገው «ቪጋን» የሚለውን ነው፤ እርሱ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት ነው። ጽሑፍ ከሌለበትም ለአስተናጋጁ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም» ብላ ዘርዝራ ትንገረው፤ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ብቻ ለማያውቅ ሰው አይገልጽም። የተቀቀለ አትክልት እንኳ ሲወጣ ቅቤ ሊደረግበት ስለሚችል ይጠየቅ። የጀጎል ልጅ እንዳለችው በመጀመሪያው ቀን፣ ከምሳው ግርግር በኋላ፣ የቡፌውን ኃላፊ ብታነጋግሩ ለቀሪዎቹ ቀናት የሚያስፈልጋትን ያዘጋጁላታል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ፣ በብዙ መርከቦች የምሳው ቡፌ የሚነሣው በዚያው አካባቢ ነው፤ በጉዞው መካከልም የመርከቡ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ በየማታው ወደ ክፍላችሁ የሚመጣውን የቀጣዩን ቀን መርሐ ግብር አይታችሁ፣ ሊዘጋ ሲል ሮጦ ከመድረስ ቀድማችሁ አንሥታችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል። ለጾመኛ አንድ ሳህን አንሥቶ ማቆየትን ማንም አይከለክልም።

የመጋላ ነጋዴ

ስለ በርሜሉ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ «የተከፈለበት ነው» ያልኩትን ትቻለሁ። በሽማግሌው ነገር ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ፤ ቢያንስ እኛ የሄድንበት ቦታ ሁሉ ከኋላችን የቆመ ሽማግሌ ካየን፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ እናስቀድመው። ይህን የሚከለክል የመርከብ ደንብ እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ለከተማ ጉብኝት ሲወርዱ ከቡፌው ብርቱካንና ሳንድዊች በቦርሳ ይዞ መውጣት ይቻላል? ወላጆቻችን መንገድ ላይ ስንቅ ይወዳሉ።

ሳቢያን

ሽማግሌ ማስቀደምን የሚከለክል የለም ጋሼ፤ እንዲያውም አስተናጋጆቹ ያመሰግኑዎታል።

ስንቁ ግን አይሆንም። ብዙ አገሮች ፍራፍሬ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከመርከብ ወደ ምድራቸው እንዲገባ አይፈቅዱም፤ በወደቡ ላይ ቦርሳ የሚያሸት ውሻ የሚጠብቅበት ቦታ አለ፣ ቅጣቱም ከባድ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካ ታሽጎ ያልተከፈተ ብስኩትና ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ የየወደቡ ደንብ ስለሚለያይ ግን ከመውረድ በፊት በእንግዳ መቀበያው ይጠየቅ። መምህር፣ በወደብ ቀን ጠዋት ቁርሱን ረጋ ብላችሁ በልታችሁ፣ ሰልፉ ሳይበዛ በማለዳ ብትወጡ መልካም ነው።

ደጋሽ ገንደ ቆሬ

መምህር፣ ስትመለሱ የደሴቶቹን አደራደርና የጭልፋዎቹን ማስቀመጫ በደንብ አይተው ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም። በጥር የያዝኳቸው ሰርጎች አሉ፤ የጾሙንና የፍስኩን፣ የሁለቱንም ወገን ሥጋ፣ በአራት የተለያዩ ደሴቶች ለማስቀመጥ አዳራሹ እንዴት እንደሚበቃኝ ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። ጤና ነምበር ዋን፣ የማሞቂያውን ሙቀት የምለካበት መሣሪያ በከተማችን የት እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ደግሞ ከዚያ በፊት ልገዛው እፈልጋለሁ።